ሥጋ የሚበላ ሣር በቆቦ ሜዳ

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ። ሰው ዋሽቶ ሹመት ያገኛል፣ ዋሽቶ ሚስት ያገኛል፣ ሌላው ቢቀር ዋሽቶ ከዱላ ያመልጣል። እኔ ዋሽቼ ያተረፍኩት ሁለት ወር ሙሉ በራያ ቆላ ፀሐይ እሾህ መልቀም ነው። ለዚያውም የዋሸሁት ስለ ሣር ነው። ስለ ሣር የሚዋሽ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ነገሩ እንዲህ ነው። በደርግ ጊዜ፣ ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ቆቦ ተመድቤ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ብርድ ላይ ተወልጄ ብርድ ላይ ስላደግኩ የቆቦን ሙቀት ሰውነቴ እንደ ስድብ ነው የቆጠረው። በተለይ ከምሳ በኋላ ያለው ክፍለ ጊዜ መከራ ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ይንጣጣል። ተማሪው ያንቀላፋል። እኔም ብሆን ሰሌዳ ተደግፌ ሸለብ ያደረገኝ ቀን አለ፤ መደበቅ ምን ያደርጋል።

መስከረም ውስጥ አንድ ቀን ስለ ተክሎች አመጋገብ ሳስተምር ቀና ብዬ ባይ፣ ከሃምሳ ሁለት ተማሪዎች አርባው ጭንቅላታቸውን ዴስክ ላይ ጥለዋል። ምን ባደርግ ይነቃሉ ብዬ ስጨነቅ በመጽሐፉ ጠርዝ ላይ አንዲት ትንሽ ሥዕል ታየችኝ።

«ሥጋ የሚበሉ ተክሎች አሉ!» ብዬ ጮህኩ።

ክፍሉ ነቃ። በሩ ላይ የተኛው የዘበኛው ውሻ እንኳ አንድ ጆሮውን አቆመ። ከፊት ወንበር ዘይነባ እጇን አወጣች። ዘይነባ ከሮቢት ወዲህ ካለ መንደር በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል በእግሯ እየመጣች የምትማር፣ ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣ ልጅ ነበረች። የጠየቀችው ካልተመለሰላት ቁጭ የማትል ልጅ ናት።

«መምህር፣ እርስዎ አይተውታል?»

«አላየሁም፤ መጽሐፍ ላይ ነው ያነበብኩት» ብል ምን እሆን ነበር? ምንም። ደመወዜ አይቀነስ፣ ጥርሴ አይወልቅ። ግን አስቡት፤ አርባ ሰው ከእንቅልፉ ቀስቅሼ ዓይን ዓይኔን እያየኝ ነው። ልቤ አብጧል።

«አዎ!» አልኩ።

«የት?»

«እዚሁ! ቆቦ ሜዳ ላይ!»

አፌ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። እውነቱን ልንገራችሁና፣ በዚያን ጊዜ ከቆቦ ቅጠል ሁሉ በስሙ የማውቀው ጎመንን ብቻ ነበር።

እንግዲህ በራያ አንድ ልማድ አለ። ከመንገድ የገባ ሰው ውኃ ከጠጣ በኋላ የዋለበትን ወሬ ለቤቱ ያወራል፤ ሳይቀንስ፣ ሳይጨምር። ዘይነባም ያን ዕለት ቤቷ ገብታ የሰማችውን ሳትቀንስ ሳትጨምር ለአባቷ አወራች። በማግሥቱ ወንበሯ ባዶ ሆነ። በሦስተኛውም ቀን ባዶ ነበር። በሳምንቱ ከመንደሯ የሚመጣ አንድ ተማሪ ይዤ ጠየቅኩ።

«አባቷ አስቀርቷታል» አለኝ እግሩን እያየ። «ማሽላው ሲታጨድ ለአንድ የግመል ነጋዴ ትዳራለች።»

«ለምን?»

«መምህሩ ውሸት ያስተምራል ብሎ።»

ቅዳሜ በጠዋት ተነስቼ ቤታቸው ሄድኩ። አባትየው አያ ሰይድ ይባላሉ። ረጅም፣ ሽርጣቸውን ጥብቅ አድርገው የታጠቁ፣ ሸበቶ ጎፈሬያቸው ላይ የእንጨት ሚዶ የሰኩ ሰው ናቸው። እኔ ገና ከደጅ «ስለ ልጅዎ ጉዳይ ነበር...» ማለት ስጀምር እጃቸውን አነሱ።

«መጀመሪያ ብላ። ወሬው ይደርሳል።»

የማሽላ ቂጣ በወተት ቀረበልኝ። ስጨርስ ሚዷቸውን ነቅለው ጎፈሬያቸውን እያበጠሩ ጀመሩ።

«ሣር ሥጋ ይበላል ብለሃል አሉ።»

«ብያለሁ።»

«በዓይኔ አይቻለሁ ብለሃል አሉ።»

«ብያለሁ።»

«እኔ አርባ ክረምት በዚህ ሜዳ ከብት አግጃለሁ። ከብት ሣር ሲበላ አይቻለሁ። ሣሩ ዞሮ ከብቱን ሲበላ ግን፣ ወላሂ፣ አንድም ቀን አላየሁም። ልጄን ይህን ሁሉ መንገድ በፀሐይ የምልካት እውነት እንድትሰማ ነበር። ውሸትማ እዚሁ ገበያው ላይ ሞልቷል፤ ከቅርብ ታገኘዋለች።»

ከጓዳው በር ላይ ዘይነባ ቆማለች። አላለቀሰችም። ዓይኗን ሳትነቅል ታየኛለች፤ «በሉ እንግዲህ ይንገሩት» የምትል ትመስላለች። ሐኪም ልትሆን የምትችል ልጅ፣ በእኔ አፍ የተነሳ፣ ከእኔ ከአስተማሪዋ በዕድሜ ለሚበልጥ የግመል ነጋዴ ልትሰጥ ነው። እዚያው እውነቱን ብናገር ደግሞ አባትየው «አላልኩም?» ብለው ይጨርሱታል። ስለዚህ ዓይኔን በጨው አጠብኩ።

«አሳይዎታለሁ!» አልኩ።

«በዓይኔ?»

«በዓይንዎ!»

በወሎ እንዲህ ያለ ውል በወረቀት አይታሰርም፤ በዱአ ነው የሚታሰረው። ጎረቤት ተጠራ። አምስት ስድስት ሽማግሌ ደጁ ላይ ቁጭ አለ። አያ ሰይድ መዳፋቸውን ዘረጉ፤ እኔም የጎረቤቱን አይቼ ዘረጋሁ።

«አላህ የሚፈልገውን ያሳየው!»

«አሚን!»

«እሱ ካሳየን ልጅቱ በማግሥቱ ትምህርቷን ትቀጥል!»

«አሚን!» ይህኛውን ከሁሉም አስበልጬ ጮህኩ። ነገሩ ጣመኝ። ዜማውንም ያዝኩት። ከዚያ በኋላ የሚባለውን ሳልሰማ ቀድሜ አሚን ማለት ጀመርኩ።

«ማሽላው እስኪታጨድ ካላሳየን፣ የሰርጉ ዕለት እሱ ራሱ መጥቶ ሙሽራይቱን መርቆ ያስወጣት!»

«አሚን!» አልኩ፣ ከሁሉም ቀድሜ።

ያልኩት የገባኝ መዳፌን ፊቴ ላይ ካሳለፍኩ በኋላ ነው። አሚን ደግሞ ወዲያ ተብሎ ወዲህ አይመለስም። ሽማግሌዎቹ ሰምተዋል፤ እግዜሩም አላሁም ሰምተዋል። እንግዲህ ወይ ሣሩን ማግኘት፣ ወይ በገዛ ምላሴ ከትምህርት ያስቀረኋትን ልጅ በገዛ ምላሴ መርቄ መዳር ነው። እየተመለስኩ ሳለ መንገድ ላይ ጥርሴን ነከስኩ። ይህ ሣር መሬት ውስጥ ቢገባ ቆፍሬ አወጣዋለሁ አልኩ።

ፍለጋውን የጀመርኩት በጭንቅላት ነው፤ በእኔ ጭንቅላት ማለቴ ነው። ተክሉ ዝንብ ይበላል። ስለዚህ ዝንብ በሚበዛበት ይበቅላል። ቆቦ ውስጥ ዝንብ የሚበዛው የት ነው? ከሥጋ ቤቱ ጓሮ። ሁለት ቀን ሙሉ ከሥጋ ቤቱ ጓሮ ተንበርክኬ የሣር ሥር ስመረምር ዋልኩ። ባለ ሥጋ ቤቱ ከጤና ጥበቃ የተላክሁ ተቆጣጣሪ መስዬው ኖሮ፣ በሁለተኛው ቀን ግማሽ ኪሎ ጉበት በጋዜጣ ጠቅልሎ «ለሻይ» ብሎ ሰጠኝ። ሣሩ አልተገኘም። ጉበቱ ግን ጥሩ ነበር።

ቀጥሎ ከከተማ መውጣት ሊኖርብኝ ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ አንድ ጎልማሳ ሰው የተክል መያዣ ቆርቆሮና ቢላዋ ይዞ ያለ ወረቀት በገጠር ቢዞር የሚያድርበትን ቦታ ራሱ አይመርጥም። ቀበሌ ሄጄ ለመንኩ። ጸሐፊው እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፤ «አመልካቹ ጓድ መምህር ሥጋ በል ተክል ለመፈለግ ስለሚዘዋወሩ አስፈላጊው ትብብር ይደረግላቸው።» ክብ ማኅተም ረገጠበት። ይህን ወረቀት ይዤ ጎብዬ ሳልደርስ አንድ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ያዘኝ። ጠብመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበበው።

«ሥጋ በል?»

«አዎ፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

«የማንን ሥጋ?»

«የዝንብ።»

«ዝንብ ሥጋ አለው?»

እስከዚያ ቀን አስቤው አላውቅም ነበር። «ትንሽ... አለው» አልኩ።

«ይህን ተክል ማን ዘራው?»

«ማንም አልዘራውም፤ በራሱ ነው የሚበቅለው።»

ሊቀ መንበሩ ፈገግ አለ። «ጓድ መምህር፣ በራሱ የሚበቅል ነገር የለም። ከበስተጀርባው አንድ ኃይል አለ።»

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ግራር ሥር ቁጭ አልኩ። ታጣቂው ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም፤ እኔም ለመሸሽ የሚሆን አቅም አልነበረኝም። ሊቀ መንበሩ ሲመለስ ግን ፊቱ ተለውጧል። ማኅተሙን በፀሐይ አገላብጦ አይቶት እውነተኛ ሆኖ አገኘው። ማኅተም ካለው መመሪያ ነው። መመሪያ ከሆነ መፈጸም አለበት። በዚያው ሳምንት በስብሰባ ላይ፣ ማንኛውም አባል ሥጋ የሚበላ ተክል ካየ ነቅሎ ለቆቦው መምህር እንዲያስረክብ አስነገረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አትጠይቁኝ። የገበያ ቀን ሲደርስ ደጄ ላይ ሰልፍ ነው። አንዱ በቅሎውን ዓይኗን የወጋት ቁልቋል በአህያ ጭኖ አመጣ። አንዲት ሴት «ነጠላዬን የበላው ይኼ ነው» ብለው እሾህ ከነነጠላቸው አቀረቡ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ሳማ በጨርቅ ጠቅልለው መጥተው «እጅህን አስገባና እየው» አሉኝ። አስገባሁ። እስከ ክርኔ አበጥኩ።

ከሁሉም የማልረሳው አንድ ገበሬ ነው። ወይን ጠጅ አበባ ያላት ለጋ ተክል ይዞ መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጣት።

«ይኼው በላተኛው!»

አየሁት። አቀንጭራ ነው። ደስ አለኝ፤ ቢያንስ ይህን አውቀዋለሁና ለማስተማር ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «ይህማ ጥገኛ ተክል ነው። ሥጋ አይበላም። የማሽላን ሥር ይዞ ነው የሚመጠው።»

ገበሬው ተክሏን በጣቱ ገፋ አድርጎ፣ «ማሽላዬን በላ» አለ። «ማሽላው ደግሞ ልጆቼን ያበላ ነበር። እንግዲህ የማንን ሥጋ ነው የበላው?»

መጽሐፌን ዘጋሁትና ሻይ ቀዳሁለት።

ወር አለፈ። ከዋጃ እስከ ጎብዬ ያልረገጥኩት ጉድባ የለም። አበባ ባየሁ ቁጥር ይነክሰኝ እንደሆነ ጣቴን እከታለሁ፤ የነከሰኝ ጉንዳን ብቻ ነው። ጫማዬ አፉን ከፈተ። ፊቴ ሁለት ጊዜ ተላጠ። የሥራ ባልደረቦቼ ሻይ ቤት ስገባ «ቀስ በሉ፣ ሰላጣው እንዳይበላችሁ!» እያሉ ይሳሳቃሉ። ማሽላው በበኩሉ እያፈራ፣ ፍሬው እየቀላ ሄደ። እንደዚያ ዓመት ማሽላ የጠላሁበት ጊዜ የለም። ቶሎ ሲደርስ ሳየው ሆን ብሎ የሚያደርገው ይመስለኝ ነበር። ቢሆንም ወይ ፍንክች! ጠዋት አስተምራለሁ፤ ከሰዓት ቆርቆሮዬን አንጠልጥዬ እወጣለሁ። ዘይነባ በር ላይ ቆማ ያየችኝ ዓይን ይነዳኛል።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል አያ ሰይድ ገበያ መሐል ትከሻዬን ያዙኝ።

«መምህር፣ ማሽላው ደርሷል። ማጭድ እየሳልን ነው።»

«ጥቂት ቀን...» አልኩ።

«ጥቂት ቀን የለኝም። ብቻ ዘይነባ ና ብላሃለች። አንድ ነገር ላሳያችሁ ትላለች።»

የትምህርት ቤቱን ብቸኛ አጉሊ መነጽር ከዳይሬክተሩ ቁምሳጥን ለምኜ አወጣሁ። እጀታው ተሰብሮ በፕላስተር የታሰረ ነው። በማግሥቱ ከሰዓት መንደሩ ስደርስ ያ ዱአ ላይ የነበረው ሽማግሌ ሁሉ ተሰብስቧል። ዘይነባ ከመንደሩ ግርጌ፣ የክረምት ጎርፍ ተጠራቅሞ ከብት የሚጠጣበት ኩሬ አጠገብ ቆማለች። ከእግሯ ሥር ሁለት የእርዳታ ዘይት ጣሳ ውኃ ተሞልቶ ተቀምጧል።

«መምህር» አለችኝ፤ «ያን ዕለት ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ፣ ጠረጴዛው ላይ ከተዉት መጽሐፍ ከሥዕሉ ሥር ያለውን ገልብጬዋለሁ። አንዳንዱ ውኃ ውስጥ ይኖራል ይላል። እርስዎ ደረቁን ነው የዞሩት።»

መጽሐፉ የእኔ ነበር። ያስተማርኩትም እኔ ነኝ። ያነበበችው ግን እሷ ናት።

ቀጠለች። ውኃ ስትቀዳ አረንጓዴ ክር የመሰለ ነገር ከእንስራዋ ጋር ይወጣል። ያ ክር ባለበት ውኃ ውስጥ የወባ ትንኝ ትል ሲያንስ ታያለች። ለምን እንደሆነ ቸገራት። በሁለቱ ጣሳ ሃያ ሃያ ትል ቆጥራ ጨመረች፤ በአንደኛው ውስጥ ክሩን አደረገች፣ በሌላው ምንም አላደረገች። በሦስተኛው ቀን ክር የሌለበት ጣሳ ውስጥ ሃያውም ይዋኛሉ። ክር ባለበት የቀሩት አራት ናቸው።

ዘይነባ እቤት ውላ ባዮሎጂ ትሠራ ነበር፤ እኔ ደሞዝ እየበላሁ ቁልቋል ስቀበል።

በዚህ ጊዜ ጤነኛ ሰው ቢሆን ጣሳው ላይ ጎንበስ ብሎ ያያል። እኔ ግን ሁለት ወር ሙሉ የፈለግኩትን በገዛ እጄ ሳልነቅል ማን ይይዘኛል? «ቆዩ!» አልኩና ወደ ኩሬው ሮጥኩ። ሁለት እርምጃ ሄድኩ፤ ሦስተኛው መሬት አልነበረውም። እስከ ወገቤ ጭቃ ውስጥ ገባሁ። ለመውጣት ስታገል በፊቴ ተደፋሁ። አያ ሰይድ ዱላቸውን ሰደው ባይጎትቱኝ ኖሮ ይህን ወግ የሚነግራችሁ ሌላ ሰው ነበር። ስወጣ ከራሴ እስከ እግሬ አረንጓዴ ሆኛለሁ። ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን አዞሩ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል። ዘይነባ ብቻ አልሳቀችም። ከጆሮዬ ላይ አንድ ክር አነሳችና መዳፏ ላይ ዘረጋችው።

«ይኼው» አለች።

መነጽሩን ወስደው መጀመሪያ ያዩት አያ ሰይድ ናቸው። ክሩ ላይ የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ ትንንሽ ከረጢቶች ተንጠልጥለዋል። ከአንደኛው ከረጢት አንድ ትል ጭራው ተይዞ ይንፈራገጣል። ግማሹ ውጭ ነው፤ ግማሹ ገብቷል።

«አጃኢብ!» አሉ አያ ሰይድ። «ይኼን ያህል ዘመን ከብቶቼ ከዚህ ሲጠጡ፣ ይኼ ከጎናቸው ማዕድ ላይ ነበር!»

ሽማግሌዎቹ በተራ አዩ። «ሱብሐነላህ!» የማይል የለም። እኔ ጭቃዬን እያንጠባጠብኩ በደስታ ልፈነዳ ነው። ዳንኩ፤ ዘይነባም ዳነች። አያ ሰይድ መነጽሩን ዝቅ አደረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«እንግዲህ መምህር፣ ያን ጊዜ አየሁ ያልከው ይኼን ነበር?»

የሚያስፈልገኝ አንዲት «አዎ» ናት። ማን ይመሰክርብኛል? «አዎ» ብዬ በማግሥቱ ልጅቱን ክፍሌ ውስጥ አገኛታለሁ። ዘይነባን አየኋት። እሷም መልሴን እየጠበቀች ነው። ሁለት ጣሳ ፊቷ አስቀምጣ፣ ሃያ ትል ቆጥራ፣ ሦስት ቀን ጠብቃ ያየችውን ያየች ልጅ ናት። በእሷ ፊት እንደገና መዋሸት አልቻልኩም። አፈርኩ፤ ሌላ ቃል የለኝም።

«አልነበረም» አልኩ። «ያን ዕለት ዋሽቼ ነው። አይቼው አላውቅም ነበር። እኔም ገና ዛሬ ማየቴ ነው፤ ያሳየችኝ ልጅዎ ናት።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሰይድ፣ ዱአው 'እሱ ካሳየን' ነው የሚለው። እሱ አላሳየንም።»

በገዛ አፌ ሁለተኛ ጊዜ ገደልኳት አልኩ። አያ ሰይድ ሚዷቸውን ነቀሉ፤ ጎፈሬያቸውን አበጠሩ፤ መልሰው ሰኩ። የዚያን ሚዶ ያህል የረዘመ ነገር በሕይወቴ አላየሁም።

«ልክ ነህ፤ ዱአው እሱን ነው ያሰረው» አሉ ለሽማግሌው። «እሷን ግን አላሰራትም። እኔ ልጄን ያስቀረኋት የሰማችውን ሁሉ አምና የምትገባ መስሎኝ ነበር። የሰማችውን ጣሳ ውስጥ ከትታ የምታይ ከሆነ፣ የትም ብትሄድ ማን ያታልላታል? ትማር። ለነጋዴው ሽማግሌ ልኬ ቃሌን አነሳለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ጣታቸውን ቀሰሩ። «አንተ ግን ዋሽተሃል። ቅዳሜ ማጭድ ይዘህ ና።»

ቅዳሜ ሄጄ መዳፌ እስኪላጥ አጨድኩ። የዓመቱን ማሽላ በሙሉ የማጭደው ይመስል ሰው ሁሉ እየመጣ አየኝ።

ከዚያ በፊት ግን፣ በኩሬው ዕለት ማግሥት፣ ከምሳ በኋላ ባለው ክፍለ ጊዜ ዘይነባ ጣሳዋን በሁለት እጇ አቅፋ ገባች። ለተማሪዎቼ «ያን ዕለት አየሁ ያልኳችሁን አላየሁም ነበር፤ ያየችው እሷ ስለሆነች እሷ ታስተምራችሁ» አልኩና እሷ ወንበር ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ከረጢቶቹን በሰሌዳው ላይ ሳለች፤ ትሉ እንዴት እንደሚያዝ፣ ስንት እንደተበላ፣ በስንት ቀን እንደሆነ ተናገረች። ስትጨርስ ጥያቄ ያለው አለ ወይ አለች። እጄን አወጣሁ።

«ዘይነባ፣ ትሉ ከገባ በኋላ የከረጢቱን አፍ ምንድን ነው የሚዘጋው?»

ጎንበስ ብላ ወደ ጣሳው አየች።

«እሱን ገና አላየሁትም» አለች።